ከሥሩ የሚገባው ይግፋው

ነገሩ የተጀመረው ከአርባ ዓመት በፊት፣ ከአንድ የልብስ መቁረጫ ጠረጴዛ ሥር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልብስ ሰፊዋ ያኔ ስምንት ዓመት ያልሞላት ልጅ ነበረች። እናቷ አንድ ጋራዥ ጥግ ላይ የመኪና ወንበር ልብስ ትሰፋለች፤ እሷ ደግሞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጠረጴዛው ሥር ገብታ የቆዳ ቁርጥራጭ ላይ ትጋደማለች። ከዚያ ሆና የምታየው የሰው እግር ብቻ ነው። የምትሰማው ግን ሁሉንም ነበር።

አንድ ቀን አራት እግሮች መጥተው አጠገቧ ቆሙ። ሁለቱ ቅባት ያጠቆረው፣ ማሰሪያው በሽቦ የተተካ የሽማግሌ ጫማ ውስጥ ናቸው። ሁለቱ ደግሞ አንድ ቦታ መቆም የማይችሉ፣ መሬቱን የሚመቱ እግሮች። ባለ ፈጣን እግሩ በክሪክ ከተነሣ መኪና ሥር ሊገባ ሲል ሽማግሌው ያስቆመው መሰላት።

«ከሥሩ የሚገባው ሰው ራሱ ይግፋው።»

«አንተ ገፋኸው አይደል እንዴ? ማንስ ቢገፋው ምን ልዩነት አለው?»

«ልዩነቱማ…»

እዚህ ላይ እናቷ የስፌት መኪናዋን መርገጫ ረገጠች። መርፌው ቆዳው ላይ ሲንኳኳ የሽማግሌው መልስ በዚያው ተዋጠ። ስፌቱ ሲያበቃ አንደኛው ሲስቅ ሰማች፤ የትኛው እንደሆነ ግን ዛሬም ልቧ አይቆርጥም። ማታ እናቷን ብትጠይቃት፣ የወንዶች ወሬ ነው፣ ራትሽን ብዪ አለቻት። በላች። ግን ያ የተቆረጠ ዐረፍተ ነገር ጫፉ እንዳልተቋጠረ ክር ውስጧ ተንጠልጥሎ ቀረ። አንዳንዴ ቃሉ «ይግፋው» ይሁን «ይነቅንቀው» ይጠፋታል። ድምፁን ግን አልረሳችውም፤ የቁጣ ድምፅ አልነበረም።

አሁን እሷም የራሷ የስፌት መኪና አላት። መኪናዋ በግቢው በኩል ካለው መስኮት ሥር ነው፤ ብርሃኑ ጥሩ ነው፣ ግቢውም ከዓይኗ ሥር ነው። ሰው ይወዳታል፤ ልብስ ሊያሳጥር መጥቶ ኑሮውን አውርቶላት የሚሄደው ብዙ ነው። ትሰማለች። ምክር አታበዛም። መርፌ ውስጥ ክር ስትከት ከንፈሯ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ ክሩን የምታረጥብ የሚመስላቸው አሉ፣ የምትጸልየው ግን ያኔ ነው። በቀን ስንቴ ክር እንደምትከት ለሚያውቅ ሰው ጸሎቷ ቀላል አይደለም።

ባለቤቷን ሰፈሩ ሁሉ «ሹፌሩ» ይለዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ትልቅ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ከወጣ ስምንት ወሩ ነው። ስምንት ወር ሙሉ አንድ ቦታ ተቀምጦ አያውቅም። ገና ሳይነጋ ይነሣል፤ ሰውነቱ የመጀመሪያውን ተሳፋሪ እየጠበቀ። ቁርስ ላይ ግራ እግሩ ፍሪሲዮን ይፈልጋል። ቀኝ እጁ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ማርሽ ይቀይራል፤ የጨው ዕቃው ስንቴ እንደተደፋ ፈጣሪ ይቁጠረው። በሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ይወጣል፣ ይገባል። ልብስ ሰፊዋ ለደንበኞቿ ቤቴ የገባው ባል አይደለም፣ ሰልፍ ነው እያለች ታስቃቸዋለች። ሳቁ ሲያበቃ ግን በመስኮቱ ትፈልገዋለች፤ መቀመጥ ያቃተው ሰው መጨረሻው የት እንደሚሆን አይታወቅምና።

መጨረሻው አንዲት ቀይ መኪና ሆነች።

ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ አፍንጫዋ ረዘም ያለ፣ መሬት ለመሬት የምትሳብ የእሽቅድምድም መኪና ናት፤ አሮጌ ብትሆንም ቀለሟ አልደበዘዘም። ከዓመታት በፊት እንዲህ ያለችው በአንድ ዳገት ላይ አውቶቡሱን ቀድማ፣ ጨርቅ እንደምትበሳ መርፌ ብቅ ብላ ጥልቅ አለች። ሹፌሩ ያንን አልረሳም። ዕድሜ ልኩን ከሰው ራስ በላይ ተቀምጦ የነዳ ሰው፣ አንድ ቀን ዝቅ ብሎ መንዳት አማረውና ገዛት። ጎረቤቱ በያጅ፣ በቅጽል ስሙ ብልጭታ፣ መኪናዋን በግንቡ ላይ አሻግሮ አይቶ ሲያበቃ ጋሼ፣ ይህቺን ለመሳፈር በር ሳይሆን መሰላል ወደ ታች ያስፈልጋል ብሎ ቀለደ።

ችግሩ መኪናዋ ዘይት ማንጠባጠቧ ነው። ሹፌሩ ማታ ማታ ከሥሯ ካርቶን ያነጥፋል፤ ጠዋት ካርቶኑን አውጥቶ እንደ ሐኪም ያያል። ሰባት ጠብታ። ዘጠኝ። አንድ ቀን አሥራ አራት። ጋራዥ ወሰዳት፤ እዚያ የነበረው መካኒክ ገና ኮፈኑን ሳይከፍት፣ አባቴ ይሄ እኮ የጎረምሳ መኪና ነው ብሎ ሳቀ። ሹፌሩ እዚያው አዙሮ ነድቶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሰው እጁን አያስገባባትም፤ እኔው ራሴ ከሥሯ ገብቼ አያለሁ አለ። ነገርን ከሥሩ ይባል የለ።

ልብስ ሰፊዋ ሦስት ጊዜ ያህል፣ እኔ ቤት በሌለሁበት ከመኪናው ሥር እንዳትገባ፣ ቃል ግባልኝ ብላዋለች። ቃል አልገባላትም። ሹፌሩ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ በስንት ሰዓት እንደርሳለን ለሚለው ተሳፋሪ እንኳ መልስ ሰጥቶ አያውቅም፤ እንሄዳለን ነበር መልሱ። መንገድ የሰው አይደለም፣ ያልያዙትን ቃል አይሰጡም ይላል። ለሚስቱም እናያለን አላት፤ ከዚያ አላለፈም። ማክሰኞ ማክሰኞ የተሰፋ ልብስ ልታደርስ ከቤት ትወጣለች፤ እያንዳንዱ ማክሰኞ ታዲያ ልቧን ግቢው ውስጥ ትታ የምትሄድበት ቀን ሆነባት።

አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ጫፍ ስትጠቀልል፣ ከግቢው የአካፋ ድምፅ ሰማች።

መጀመሪያ ጎመን ሊተክል መስሏት ደስ አላት። ግቢው ከበሩ በኩል ሲሚንቶ ነው፣ ወደ ግንቡ ሲጠጉ ግን ባዶ አፈር ነው። ቀና ብላ ስታይ ሹፌሩ መኪናዋን ወደ ኋላ ወስዶ የግራ ጎማዎቿን አፈሩ ላይ አቁሟታል። ከጎኗ ተንበርክኮ ይቆፍራል። የሚያደርገው የገባት ትንሽ ቆይቶ ነው፤ ሲገባትም መቀሱን አስቀመጠች።

ሹፌሩ መኪና የሚያነሣበት ክሪክ ከአውቶቡስ ጊዜው የተረፈው ነው፤ እንደ ጠርሙስ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ቁመቱ ብቻ ከመኪናዋ ሆድ የሚበልጥ። ድመት የማታልፍበት ቦታ ውስጥ እንዴት ይግባ? ሌላ ሰው ቢሆን አጭር ክሪክ ይዋሳል። ሹፌሩ ግን መንገድ ሲበላሽ አካፋ አውጥቶ መንገዱን የሚያስተካክል ትውልድ ነው። ክሪኩ ከረዘመ መሬቱ ይጠር ብሎ ጉድጓድ ቆፈረ። ጉድጓዱ ውስጥ ሳህን የምታክል ብረት ጣለ፣ ክሪኩን አቆመ፣ አነሣ። የመኪናዋ ግራ ጎን ቀስ እያለ ወጣ። ሁለቱ ጎማዎች ከመሬት ሲለቁ ከፊትና ከኋላ፣ ውስጡ ባዶ የሆነውን የግንብ ብሎኬት ሁለት ሁለት አድርጎ ደረደረበት። በዚያኛው በኩል ካሉት ጎማዎች ሥር ጡጫ የምታህል ድንጋይ ወሸቀ። ከዚያ ካርቶኑን አነጠፈ።

ስትደርስ ሊጋደም አንድ ክርኑ መሬት ነክቷል። ሜትሯ አንገቷ ላይ ነው፣ ሁለት መርፌ ከንፈሯ መሃል እንደያዘች ነው የወጣችው። መርፌዎቹን ነቅላ ደረቷ ላይ ሰካች።

ምን ልትሆኚ መጣሽ አላት። ዘይቷን ሊያይ እንደሆነ፣ አምስት ደቂቃ እንደማይፈጅ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ከአውቶቡስ ሥር ሲገባና ሲወጣ አንድም ቀን እንዳልተቧጨረ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገራት። ያንን ሲል እንኳ ጣቶቹ ካርቶኑን ይደበድባሉ።

«ያኔ አውቶቡሱ በራሱ እግር ቆሞ ነበር» አለች። «ይህቺ የቆመችው በአንተ ድርድር ነው።»

«ድርድሩ ምን ሆነ? ብሎኬት ቤት ይሸከማል።»

ልብስ ሰፊዋ ጠጋ ብላ አየች። ስለ ብረት የምታውቀው ነገር የለም። ጨርቅ ግን ታውቃለች፤ ጨርቅ ያለቦታው ሲጎተት የሚያወጣውን ሽብሽብ ከሩቅ ትለየዋለች። ክሪኩ የነካው የመኪናዋ ወገብ ላይ፣ ቀዩ ቆርቆሮ ልክ እንደዚያ ተሸብሽቧል። ዝቅ ስትል ደግሞ የጉድጓዱ ከንፈር ላይ ያለው አፈር ቅንጣት በቅንጣት ወደ ክሪኩ እግር ሲወርድ አየች። ድምፅ የለውም። እንደ ዱቄት ይፈስሳል።

ለመጮኽ አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ያሰበችው አልነበረም።

«እሺ ግባ፤ አልከለክልህም። መጀመሪያ ግን ግፋው።»

«ምኑን?»

«መኪናውን። ከሥሩ የምትገባው አንተ ነህ፤ አንተው ግፋው።»

ሹፌሩ ከት ብሎ ሳቀ። ተነሥቶ መዳፉን በሩ ላይ አሳረፈ፣ ትኩሳት ያለበትን ልጅ ግንባር እንደሚዳስስ።

«ይኸው።»

«እንደሱ አይደለም። በትከሻህ። ተራራ ላይ የቆመ አውቶቡስ ስትገፉ እንደነበረው።»

ትከሻውን አስጠጋ። እግሩን ወደ ኋላ አስረግጦ ቆመ። ልብስ ሰፊዋ ትንፋሿን ያዘች። ሹፌሩም የያዘ ይመስላል፤ በስምንት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንዱም የሰውነቱ ክፍል አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ትከሻውን አነሣ።

«አልገፋውም።»

«ለምን?»

«ይወድቃላ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የዚያን ቀን የሹፌሩ ጆሮ ግን አፉ የተናገረውን ለይቶ ሰማው። ካርቶኑን አየ፤ ካርቶኑ ላይ የእሱ ቁመት ሙሉ ቦታ አለ። ሌላ ሴት ብትሆን ይህን ጊዜ ነበር የሠላሳ ዓመት ሂሳብ የምታወራርደው። ልብስ ሰፊዋ ግን ሂሳቡን ተወችው። ሄዳ የግንቡን ጫፍ በጥፊ መታ መታ አደረገችና ብልጭታን ጠራችው።

ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ብልጭታ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንዳደረገ መጥቶ ዙሪያውን አንዴ ዞረ። ጉድጓዱን ሲያይ ጋሼ ሹፌር፣ ለመኪናዋ ነው ወይስ ለራስህ የቆፈርከው ሲል ጠየቀ። ሁለት ወፍራም የእንጨት ሞራሌ አመጣና ከእጁ በቀር ሌላ አካሉ እንዳይገባ ተጠንቅቆ፣ በአየር ላይ ከተንጠለጠሉት ጎማዎች ሥር በእንጨት ገፍቶ አስገባ፤ ብትወድቅም ጣት ያህል ብቻ ትውደቅ አለ። ሹፌሩ ክሪኩን ትንሽ ከፍ አደረገ። ብልጭታ ቆልማማ ብረት ይዞ ብሎኬቶቹን አንድ በአንድ ጎተተ። ሦስተኛው ብሎኬት ግማሹ ብቻ መጣ፤ ግማሹ እዚያው ተሰንጥቆ ቀርቷል። መቼ እንደተሰነጠቀ ማንም አልሰማም።

ክሪኩ ሲለቀቅ የጉድጓዱ ከንፈር ተናደ። ክሪኩ ወደ ጎን ተኛ፣ መኪናዋም ሞራሌዎቹ ላይ ዷ ብላ ተቀመጠች። ጣት ያህል ነው የወደቀችው። ልብስ ሰፊዋ ወደ ቤት ገብታ መርፌ ውስጥ ክር ልትከት ሞከረች። ሰባት ጊዜ ሞከረች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ቀናት ከስምንቱ ወር የባሱ ነበሩ። ሹፌሩ ጉድጓዱን ደፈነ፣ ረገጠው፣ እንደገና ሄዶ ረገጠው። ካርቶኑን ጠዋት ብቻ ሳይሆን በየሰዓቱ ያወጣል። ተቆጥቶ ቢያወጣው ይሻል ነበር፤ እሱ ግን ከቤት ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ በያጁ ቤት ይመላለሳል። ብልጭታ መኪናዋን ደግፈው የሚይዙ አራት የብረት እግሮች እንዲበይድለት ለመነው። ብልጭታ እምቢ አለ። ይህን ለልብስ ሰፊዋ የነገራት ራሱ ብልጭታ ነው፤ ሱሪ ሊያስጠብብ መጥቶ።

«እትዬ፣ እኔ የበር ሰው ነኝ። የበየድኩት በር ቢላቀቅ ሌባ ይገባል፣ አዝናለሁ። ሰው ከሥሩ የሚተኛበትን ግን አልበይድም። ተፈትኖ፣ የሚችለው ክብደት የተጻፈበት ገበያ ላይ ሞልቷል፤ ሂድና ግዛ አልኩት። አኮረፈኝ።»

እሷም ስለዚህ ለባሏ ምንም አላነሣችም። ቅዳሜ ጠዋት ግን ከበሩ አጠገብ ሁለት ካርቶን አየች። አንደኛው ውስጥ ጎማ ያለው፣ እንደ ምላስ ጠፍጣፋ ሆኖ ከታች የሚገባ ክሪክ አለ። ሌላው ውስጥ አራት የብረት እግሮች፣ እያንዳንዳቸው የሚችሉት ክብደት ጎናቸው ላይ የታተመ። ሹፌሩ መስኮቷ ሥር ሁለት ጊዜ አለፈ። ሦስተኛ ላይ ቆመ።

«አንቺ» አለ፣ ወደ ግንቡ እያየ። «ያ… ተሸበሸበ ያልሽው ቆርቆሮ።»

«አላልኩም እኮ።»

«አላልሽም፤ አይተሻል ግን። የት ቢያዝ ነው የማይሸበሸበው?»

ወጣች። መኪናዋ ሲሚንቶው ላይ፣ ሜዳ በሆነው በኩል ቆማለች። ልብስ ሰፊዋ ተንበርክካ ጣቶቿን ከመኪናዋ ወገብ ሥር ሰደደች፤ ዓይኗ ሰማዩን ያያል፣ ጣቷ ግን ጠርዙን እንደ ስፌት ይከተላል። ቆርቆሮው ስስ ነው፣ ስስ ነው፣ ስስ ነው። ከፊተኛው ጎማ አንድ ክንድ ያህል ሲቀር አንዲት ጥርስ አገኘች። ትንሽ አለፍ ብሎ ሌላ ጥርስ። በሁለቱ መሃል ብረቱ እጥፍ ወፍራም ነው።

«እዚህ ጋ ነው። እኛም ጨርቅ ላይ ጥርስ የምንቆርጠው እዚህ ጋ ይያዝ ለማለት ነው። ሰፊው ለሰፊ የሚተወው ምልክት ነው።»

ሹፌሩ ከመኪናዋ ውስጥ፣ ከገዛት ጀምሮ ከፍቶት የማያውቀውን መመሪያ መጽሐፍ አወጣ። ገልብጦ ገልብጦ አንድ ሥዕል ላይ ቆመ። ሥዕሉ ላይ ያሉት ቀስቶች ልክ ጣቷ ያለበትን ቦታ ያሳያሉ። መጽሐፉን ዘግቶ ብብቱ ሥር አደረገው። አመሰግናለሁ ማለቱ ነው።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ፤ ሹፌሩ ሲሠራ ደግሞ ሲነዳ እንደነበረው ነው፣ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን አይነካም። የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ ማርሽ ውስጥ ከተታት። ብልጭታ የጠረበለትን የእንጨት ሽብልቅ ከኋለኞቹ ጎማዎች ፊትና ኋላ ሰካ። የፊቶቹ ጎማዎች ስስ ጣውላ ላይ እንዲወጡ ቀድሞ አድርጓል፤ አዲሱ ክሪክም ቢሆን ያለዚያ አፍንጫዋን ሳይነካ አይገባም። የጎማዎቹን ቡሎኖች ጎማው መሬት ሳለ ትንሽ ትንሽ አላላ። ክሪኩ ላይ የጎማ ቁራጭ አደረገ፣ መጽሐፉ ከፊት መሃል የሚያሳየውን ወፍራም ብረት አገኘ፣ እጀታውን ወደ ታች ወደ ላይ ማድረግ ጀመረ። ሁለቱን የብረት እግሮች በጥርሶቹ መሃል አቁሞ ቀስ ብሎ አሳረፋት። ክሪኩን አላወጣውም፤ ለስሙ እንዲነካት ብቻ አድርጎ ተወው። ጎማዎቹን ፈትቶ ከወገቧ ሥር በጎናቸው አስተኛቸው፤ ሁሉም ቢከዳ እነሱ ይቀበሏታል። ሞተሩ እስኪበርድም ጠበቀ። እሱ መጠበቁን ስታይ ልብስ ሰፊዋ ወንበር አውጥታ አጠገቡ ጫፉ የሚለቀም ልብስ ይዛ ተቀመጠች።

ካርቶኑን አነጠፈ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «ግፋው» ብላ አልደገመችም። አንዳንድ ነገር ሁለቴ ሲባል ይረክሳል።

ሹፌሩ ትከሻውን መኪናዋ ላይ አደረገ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ገፋ፣ እንደ እንግዳ። ከዚያ ጠንከር አድርጎ። ከዚያ የሆነ ነገር ከውስጡ ተፈታ፤ እግሩን ሲሚንቶው ላይ ተክሎ፣ የአንገቱ ሥር ተገታትሮ፣ ስምንት ወር ሙሉ መሄጃ ያጣውን ኃይል ሁሉ ያንን ቀይ ብረት ላይ አወረደው። ከፊት ገፋ። ዞሮ በዚያኛው በኩል ገፋ። እያለከለከ ተመልሶ እንደገና ገፋ። መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም።

ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ጨርቁ ላይ እንደሰካች ቀረች። ያ ከአርባ ዓመት በፊት የስፌት መኪና የዋጠው መልስ ምን እንደነበር ዛሬም በጆሮዋ አልሰማችውም። በዓይኗ ግን አየችው። ለሌላ ሰው ብሎ የሚገፋ ሰው እንዲህ አይገፋም። ይህን ያህል የሚገፋው የራሱን ደረት ሊያስገባ ያለ ሰው ብቻ ነው፤ የማያምነውን ደግሞ ከናካቴው አይገፋውም። ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ክር እየከተተች ግን አልነበረም።

ሹፌሩ ገባ። ለጥቂት ጊዜ የቁልፍ ድምፅ፣ ማጉረምረም፣ አንዴም መሳደብ ተሰማ። ከዚያ ድምፁ ከሥር መጣ፤ አንዲት ሮንዴላ ናት አለ፣ የዘይት መክፈቻው ቡሎን ላይ ያለችው ቀለበት፣ ከመቶ ዓመት በፊት መቀየር የነበረባት። ሦስት ወር ካርቶን ያስቆጠረችው ጥፍር የምታህል ሮንዴላ።

ከዚያ የቁልፉ ድምፅ ቆመ። እግሮቹ ከመኪናዋ ወጥተው ይታያሉ። አይንቀሳቀሱም። ልብስ ሰፊዋ ጥቂት ስፌት ሰፋች። ደግሞ ጥቂት። ሠላሳ ዓመት ሲተኛ እንኳ እንዲህ ጸጥ ያሉ እግሮች አይታ አታውቅም።

«አለህ?»

«አለሁ።»

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ምንም። ዝም ብዬ ነው።»

ትንሽ ቆይቶ አንድ ነገር ጨመረ፤ እዚህ ታች ጸጥ ይላል አለ፣ ሰው የለ፣ ሰዓት የለ። ልብስ ሰፊዋ ስፌቷን ቀጠለች። ግን ይህን የቀመሰ ሰው ነገም፣ ከነገ ወዲያም እንደሚገባ ገባት። ከነገ ወዲያ በስተማዶ ደግሞ ማክሰኞ አለ።

ከሰዓት በኋላ ጎማዎቹ ቦታቸው ተመልሰው፣ መኪናዋ በራሷ እግር ቆማ፣ ቡሎኖቹ በመጨረሻ ከጠበቁ በኋላ ሹፌሩ ታጥቦ ወደ መስፊያ ክፍሉ ብቅ አለ። በሩ ላይ ቆመ፣ ገባ፣ ወጣ፣ ደግሞ ገባ። እጁ ላይ የአዲሱ ክሪክ እጀታ አለ፤ ረዥም የብረት ዱላ፣ ያለሱ ክሪኩ የማይነሣ።

«ማክሰኞ ስንት ሰዓት ትመለሻለሽ?»

«መንገድ የሰው አይደለም። እመለሳለሁ።»

የራሱን ቃል ሲሰማ አፉን ያዘ። ሳቁን ይሁን ሌላ ነገር አልታወቀም። ዱላውን ከእጅ ወደ እጅ አገላበጠ። ከዚያ ሄዶ የጨርቅ መለኪያ ዘንጓ ከቆመበት ጥግ፣ ከዘንጉ ጎን አስደግፎ አቆመው። እንዳይንሸራተት በጫማው ጫፍ አስተካከለው።

«እዚህ ይሁን። ልገባ ስል ከአንቺ እወስደዋለሁ። ቤት ከሌለሽ ደግሞ አልገባም።»

ልብስ ሰፊዋ ቀና አላለችም፤ ቀና ብትል ቃሉ የሚመለስ መሰላት።

«ቃል ነው?»

«ቃል ነው። ግን ስጠይቅሽ ለምን፣ የት፣ ስንት ሰዓት አትበይኝ።»

«አልልህም። ገፋኸው ወይ ብቻ ነው የምልህ።»

«በይኝ» አለ ሹፌሩ። ከመስኮቱ ሥር ያለችውን ትንሿን በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።